በረዶ በሌለበት አገር መንሸራተቻ መሥራት ምን ይጠቅማል?



ባለፈው የመስቀል ሰሞን እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከቀርከሃ በሠራነው ሳንቃ ላይ ቆመን፥ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ የሣር ቁልቁለት ስንንሸራተት ያዩን ሰዎች «እነዚህ ልጆች አበዱ እንዴ?» ብለው ሥቀውብናል። አንድ አባትም ቆም ብለው «በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ መንሸራተቻ መሥራት ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። ያን ዕለት ግን አፍሬ ዝም ስላልሁ፥ መልሴን ዛሬ በዚህ ገጽ ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ላስረዳ። ስኪ የሚባለው መንሸራተቻ የሰሜን አውሮፓ ገበሬና አዳኝ በረዶ ሲጥል ከቤቱ ወጥቶ ለመሄድ ከእንጨት ጠርቦ የሠራው የእግር መሣሪያ ነው። በኖርዌይ አገር፥ ቴሌማርክ በተባለው ክፍል የተወለደው ሶንድሬ ኑርሃይም (1825–1897) ድኻ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ የመንሸራተቻውን ወገብ ቀጠን፥ ጫፉንና ጭራውን ሰፋ አድርጎ በመጥረብ እንደ ልብ የሚታጠፍ አደረገው፤ ተረከዝ የሚይዝ ማሰሪያም ከተጠማዘዘ ቀጭን እንጨት አበጀለት። ስኖውቦርድ የሚባለውም ባለ አንድ ሳንቃ መንሸራተቻ ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ቶም ሲምስ የተባለ የአሜሪካ ተማሪ በትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሳንቃ ሠራ። በ1965 በገና ዕለት ደግሞ ሸርማን ፖፐን የተባለ አባት ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጋጥሞ ለሴቶች ልጆቹ መጫወቻ አደረገላቸው። በ1998 ጨዋታው በናጋኖ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዓለም የሚወዳደርበት ነገር መነሻው የተማሪ የእጅ ሥራና የአባት ስጦታ ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ቢኖር፥ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፥ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በስኪ መወዳደሩን አስታውሰዋለሁ። ከእርሱ በፊት በክረምት ኦሊምፒክ የቆመ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ይለማመድ ነበር። በቱሪን በ15 ኪሎ ሜትር ያገኘው ደረጃ 83ኛ ነው። ብዙዎች በዚህ ይሥቁ ይሆናል፤ እኔ ግን የሌለውን መንገድ ለጠረገ ሰው 83ኛነት ውርደት አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛ ሳንቃ ልመለስ። የመጀመሪያውን የሠራነው ከባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ጫፉን ሳናቀና ቀጥ አድርገን ስለ ተውነው፥ ገና ሁለት ክንድ ሳይሄድ አፈር ውስጥ ተተከለና ጓደኛዬን በአፍጢሙ ደፋው። ሁለተኛውን ከእንጅባራ በኩል ከሚመጣው ቀርከሃ ሠራን። ቀርከሃውን ሰነጠቅን፥ አንጓውን በመሮ አስተካከልን፥ በኮላ አጣብቀን በገመድ ጠፍረን አሳደርነው። ሲታይ ያማረ ነበር። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላው በየመጋጠሚያው እየተላቀቀ ተከፈተ።

እኔ የምኖረው ከአጎቴ ዘንድ ነው። ወላጆቼ በቡሬ ገጠር ገበሬዎች ናቸው፤ አጎቴ ግን እዚህ ከተማ በርና መስኮት፥ አልጋና ጠረጴዛ የሚሠራ አናጢ ነው። የተሰነጠቀውን ሳንቃ ይዤ «ጋሼ፥ ምን አጥፍተን ነው? እስቲ አንቱ እዩት» አልሁት። አገላብጦ አየና «እርጥብ እንጨት ቃሉን አይጠብቅም። መጀመሪያ አድርቀው፤ ከዚያ አጣብቀው» አለኝ። ጫፉን እንዴት ወደ ላይ እንደምናቀና ስጠይቀውም «የገና ዱላ እንዴት ነው የሚቆለመመው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። በእሳት ለብለብ እያደረግን ቀስ ብለን አጎበጥነው፤ እስኪበርድም ድረስ በሞርሳ ይዘን ጠበቅነው። መካከሉንም እንደ ደጋን ጥቂት ከፍ አደረግነው፤ ይኸውም ሰው ሲቆምበት ክብደቱ በወገቡ ብቻ እንዳያርፍ፥ ወደ ጫፍና ወደ ጭራ እንዲከፋፈል ነው። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን ከሥሩ ሰም ቀባነው። ጎጃም ሰምን ለጧፍና ለቅኔ ያውቀዋል፤ እኛ ለሳንቃም እንደሚሆን አየን። በፊዚክስ ክፍል ስለ ሰበቃ የተማርሁት ነገር በእውነት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

በኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት፥ የብረት ዘንግ ሳይመጣ በፊት የስኪ ምርኩዝ ከቀርከሃ ይሠራ ነበር። ዛሬም መንሸራተቻቸውን በእጃቸው ከሚሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ በፋይበርግላስ መካከል የሚያስገቡት የውስጥ እንጨት ቀርከሃ ነው። እኛ አጥር የምናጥርበትን እነርሱ እንዲህ ካከበሩት፥ የጎደለን እንጨቱ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ የጎደለን ምንድን ነው? እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ በሞላሁት ቅጽ ላይ የአሳዳጊ ሥራ በሚለው ቦታ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍሁ። አጎቴ ነጋዴ አይደለም፤ አናጢ ነው። የጻፍሁትም የክፍል ልጆች አይተው «የእንጨት ጠራቢ ልጅ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ያ ሰው በመጋዝና በፒያላ ባገኘው ገንዘብ ደብተሬን ገዝቶልኛል፥ ጫማዬን አድርጎልኛል። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር ከእውቀቱ አንዲት ነገር አልጠየቅሁትም ነበር፤ እውቀት ያለው በመጽሐፍ ብቻ ይመስለኝ ነበርና።

ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጥ እየሠራን፥ ቀጥቃጩ ባወጣው ማረሻ አርሰን እየበላን፥ «ቡዳ» እያልን ስማቸውን ማጥፋት ከአገራችን ገና አልወጣም። ልጆቻቸውም በክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። እጅን የሚንቅ ሕዝብ ደግሞ ሌላው ሠርቶ የሰጠውን ከመግዛት በቀር ምርጫ የለውም። በቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ በዚያ የሚገባው መኪና ሲሰበር የሚጠግነው ማን እንዲሆን ነው የምንፈልገው?

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሁለት ነገር ያነሡ ይሆናል። አንደኛው «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ሳለ ጨዋታ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እኔም ለፈተናው እፈራለሁ። ነገር ግን ሳንቃውን የሠራነው በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያም ሰዓት በፊት ያለ ሥራ የሚያልፍ ነበር። ሁለተኛው አደጋ ነው። ይህንንም አልክድም፤ የጓደኛዬ ጉልበት ተልጦ ነበርና። መጋዝና መሮም ያለ አስተማሪ ለልጅ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህም ነው ነገሩ በየጓሮው በስውር ከሚሆን ይልቅ በትምህርት ቤት በሥርዓት ይሁን የምለው።

ልመናዬ ትልቅ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ይሰጠን። አስተማሪ ቢጎድል ከከተማው አናጢውን፥ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን እየጠራን በክፍላችን ፊት ቆመው ያስተምሩን፤ እኛም እንደ ማንኛውም መምህር ብድግ ብለን እንቀበላቸው። ወላጆችም ቁርጥራጭ ጣውላ ከመማገድ አስቀርተው ቢልኩልን ይበቃናል።

ለጠየቁኝ አባት መልሴ ይህ ነው፦ ሳንቃው ራሱ ብዙ አይጠቅምም፤ ሣሩ ሲደርቅ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። በእርሱ ምክንያት ግን ከአንድ ጣሪያ ሥር አብሬው የምኖረውን ሰው አወቅሁት። ዘንድሮ ለፈተና ስመዘገብ በዚያው ዓይነት ቦታ ላይ «አናጢ» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን መጽሔት አጎቴ ስለሚያነበው፥ የፊተኛውን ሐሰቴን በዚህ እንዲያውቅና ይቅር እንዲለኝ እለምነዋለሁ።