ሮም ላይ የሆነው ሞስኮ ላይ እንዳይደገም

ትናንት ማታ የሮማንና የባርሴሎናን ጨዋታ ያየ ሰው ዛሬ ስለ ምን እንደምጽፍ ሳይገምት አይቀርም። ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ባርሴሎና ባለፈው ሳምንት በሜዳው ሮማን 4 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ሁሉም ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። ትናንት ሮም ላይ ሲገናኙ ግን ዜኮ ገና በ6ኛው ደቂቃ አገባ። ከእረፍት በኋላ ዴ ሮሲ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛዋን ጨመረ። ጨዋታው ሊያልቅ 8 ደቂቃ ሲቀረው ማኖላስ በጭንቅላቱ ገጭቶ ሦስተኛዋን አስቆጠረ። ድምሩ 4 ለ 4 ሆነ፤ ሮማም ባርሴሎና ሜዳ ላይ ባገባት አንዲት ጎል አለፈ።

ይህንን ያየ የአርሰናል ደጋፊ ሁሉ ዛሬ ሆዱን ባር ባር ይለዋል። አርሰናልም ባለፈው ሐሙስ ለንደን ላይ ሲኤስኬኤ ሞስኮን ያሸነፈው በዚያው ውጤት ነው፤ 4 ለ 1። የመልሱ ጨዋታ ነገ ሐሙስ ሚያዝያ 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 12 ቀን 2018፣ ሞስኮ ላይ ይደረጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለውን ውድድር በአማርኛ «የደርሶ መልስ ጨዋታ» እንለዋለን። ወላጆቻችሁ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ «ደርሶ መልስ ትኬት ቆረጥኩ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ቃሉ ያው ነው። ኳስም ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንዱን በሜዳህ ትጫወታለህ፣ ሌላውን በሰው ሜዳ። በ2018 በነበረው ደንብ የሁለቱ ጎል ተደምሮ እኩል ከሆነ፣ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ያልፍ ነበር። ስለዚህ ሲኤስኬኤ ነገ 3 ለ 0 ካሸነፈ አርሰናል ወደቀ ማለት ነው። አርሰናል አንድ ጎል ካገባ ግን ሩሲያውያኑ ለጭማሪ ሰዓት እንኳ 4 ጎል ያስፈልጋቸዋል። የአንዲት ጎል ዋጋ ይህን ያህል ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው በጸሎተ ሐሙስ ነበር። እኛ ቤት ጉልባን ቀርቦ፣ ግማሹ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ገና ሳይመለስ፣ ግማሹ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩሎ ነበር። ራምሴ 2፣ ላካዜት 2 አገቡ፤ አራቱም በመጀመሪያው አጋማሽ። የራምሴን ሁለተኛ ጎል ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩ። ኦዚል ያሻገረለትን ኳስ በእግሩ ነካ አድርጎ በበረኛው አናት ላይ አሳለፋት። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ያገኙትን ዕድል ሁሉ አባከኑት፤ አምስተኛዋ ጎል ብትገባ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በተረጋጋ መንፈስ እጽፈው ነበር። የሩሲያውያኑን ጎል ያገባው ጎሎቪን የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ነው። ቅጣት ምቱን እንዴት አድርጎ እንደመታው ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ነገ ልብ ብላችሁ ልታዩት የሚገባ እሱን ነው።

ሲኤስኬኤ በታሪኩ የጦር ሠራዊቱ ክለብ ነው፤ አገር ቤት በ2018 መከላከያ እንለው እንደነበረው ክለብ ማለት ነው። አርሰናልም በ1886 የተመሠረተው ዎልዊች በሚባለው የለንደን ሰፈር በነበረ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው፤ «መድፈኞቹ» የምንላቸው ለዚህ ነው። መድፈኞችና ወታደሮች ተገናኙ በሉ። በግቡ መካከል የሚቆመው አኪንፌቭ ባለፈው እሑድ፣ በፋሲካ ዕለት፣ 32 ዓመት ሞላው። ይህ ሰው በ2006 ኖቬምበር ላይ አርሰናልን ለንደን ላይ 0 ለ 0 ካስወጣ በኋላ፣ በሻምፒዮንስ ሊግ 43 ጨዋታ በተከታታይ ጎል እየገባበት 11 ዓመት አሳልፏል። ስለዚህ ይገባበታል! ከፊቱ የሚቆመው ኢግናሼቪች 38 ዓመቱ ነው፤ መንትያዎቹ ቤሬዙትስኪዎችም 35 ናቸው። ለሯጮቹ የአርሰናል ልጆች ይህ መልካም ዜና ነው።

ክፉው ዜና ደግሞ ይህ ነው። ሲኤስኬኤ ባለፈው ዙር በሜዳው በሊዮን 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ፈረንሳይ ሄዶ 3 ለ 2 አሸንፎ አልፏል። ያለቀ የሚመስል ነገር እንዴት እንደሚገለበጥ ያውቃሉ። ከጎሎቹ አንዱን ያገባው ናይጄሪያዊው አሕመድ ሙሳ ነው፤ ሲሮጥ አይያዝም። አርሰናል በበኩሉ ሚኪታሪያን ጉልበቱን ተጎድቶበታል። ኦባሜያንግ ደግሞ በዚህ ዓመት ለዶርትሙንድ በሻምፒዮንስ ሊግ ስለተጫወተ በዚህ ውድድር መሰለፍ አይችልም። በሊጉ 6ኛ ሆነን፣ በፌብሩዋሪ የሊግ ካፑን ፍጻሜ በማንችስተር ሲቲ 3 ለ 0 ተሸንፈን፣ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ መመለሻ የቀረን በር ይህ ዋንጫ ብቻ ነው።

የሩሲያ ምድር ለአርሰናል ቀንቶት አያውቅም። በ1982 በስፓርታክ ሞስኮ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በ2000 ኖቬምበር ላይ በዚያው ስፓርታክ፣ ገና በ2ኛው ደቂቃ ሲልቪኒዮ አግብቶ ሲያበቃ፣ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በ2003 ከሎኮሞቲቭ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። በ2006 በሲኤስኬኤ 1 ለ 0 ተሸነፈ። 4 ጊዜ ሄዶ አንድም አላሸነፈም።

ኳሱ ይህ ነው። አሁን ኳሱን ለማየት ስለሚሄዱት ሰዎች ላውራ፤ ከነሱ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ 23 ዓመቱ ነው፤ ለንደን ተወልዶ ለንደን ያደገ። ትኬቱን ገዝቷል፣ ቪዛውን አውጥቷል፣ ነገ ጠዋት ይበራል። ዕጣው የወጣ ቀን፣ ማርች 16፣ ደስ ብሎት ሲዘል እናቱ ግን ዜናውን እያየች ነበር። ከዚያ 12 ቀን ቀደም ብሎ ሳልስበሪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንድ የቀድሞ የሩሲያ ሰላይ ከሴት ልጁ ጋር ተመርዞ ተገኝቷል። ብሪታኒያ ሩሲያን ከሰሰች፤ ሩሲያ እኔ አይደለሁም አለች። ብሪታኒያ 23 የሩሲያ ዲፕሎማቶችን አባረረች፤ ሩሲያም በተራዋ 23 አባረረች። የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ወደዚያ የሚሄድ ዜጋ ጸረ ብሪታኒያ ስሜት ሊያጋጥመው ስለሚችል እንዲጠነቀቅ አሳሰበ።

«ኳሱን እዚሁ በቴሌቪዥን አታየውም?» አለችው እህቴ።

«እማዬ፣ በቴሌቪዥን ማየትና መሄድ አንድ አይደለም።»

«ማርሴይ ላይ የሆነውን ረሳኸው?»

አልረሳውም። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ የእንግሊዝና የሩሲያ ደጋፊዎች ማርሴይ ከተማ ውስጥ ሲደባደቡ ሁላችንም አይተናል። እህቴ ግን ያልተናገረችው ሌላ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ልጇ ጥቁር ነው። በ2013 ያያ ቱሬ በማንችስተር ሲቲ ማልያ ከዚሁ ከሲኤስኬኤ ጋር ሞስኮ አጠገብ ሲጫወት፣ ከመቀመጫው የዝንጀሮ ድምፅ እየሰማሁ ነበር ብሎ ከሰሰ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም የስታዲየሙ ከፊል እንዲዘጋ ፈረደ። ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳንል፣ ገና ባለፈው ወር ፈረንሳይ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከሩሲያ ጋር ስትጫወት በጥቁሮቹ ተጫዋቾች ላይ ያው ድምፅ ተሰምቷል። ፊፋም ምርመራ ከፍቶበታል።

አድልዎ እንዳይሆንብኝ ይህንንም ልጨምር፤ በ2015 ፓሪስ ላይ አንድን ጥቁር ሰው ከምድር ባቡር ገፍትረው ያስወረዱት ከለንደን የሄዱ የቼልሲ ደጋፊዎች ነበሩ። ነገሩ የአንድ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። ቢሆንም እህቴ ብትፈራ አልፈርድባትም።

ፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ከተበላ በኋላ፣ ቡና ላይ፣ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ከእንግዶቻችን አንዱ በደርግ ዘመን ሞስኮ ምህንድስና የተማሩ ጋሼ ናቸው። ልጁ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ አንተ ሞስኮ ኖረሃል አይደል?» አለ። እናቱ ፊቷ ተለዋወጠ። እናንተም አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ልብ በሉ፤ ጋሼ ካላችሁ በኋላ «እርስዎ ኖረዋል» ነው የሚባለው። እሳቸው ግን ሳቁ። «ሩሲያውያንም እንዲህ ይለያሉ» አሉት፤ «ለጓደኛህ ሌላ ቃል፣ ለትልቅ ሰው ሌላ ቃል አላቸው። እዚያ ስትደርስ ባታውቀው ይሻላል፣ ዝም ብለህ ፈገግ በል።»

ከዚያ ስለ ከተማው ነገሩት። በሚያዝያ በረዶው ቀልጦ ጭቃው እንደሚያስቸግር፣ ሜትሮው እንደ ቤተ መንግሥት እንደሚያምር፣ ሰዉ መንገድ ላይ ፈገግ ባይልም ቤቱ ከገባህ ያለውን ሁሉ እንደሚያቀርብልህ። ባለፈው እሑድ እነሱም ፋሲካን እንዳከበሩ አስታወሱን፤ ዘንድሮ እኛና እነሱ ጾም የፈታነው በአንድ ቀን ነው። «እኔ እዚያ አምስት ዓመት ስኖር የሰደበኝም አለ፣ ታምሜ ሾርባ ያመጣችልኝም አሮጊት አለች» አሉ።

ልጁ ስለ 1982ቱ ጨዋታ ሲጠይቃቸው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ስፓርታክ ያን ጊዜ አርሰናልን በሁለቱም ጨዋታ አሸንፎ ነው የጣለው፤ ለንደን ላይ 5 ለ 2 ሲያሸንፍ የአርሰናል ደጋፊዎች ራሳቸው ተነሥተው አጨብጭበውለታል። ቀጣዩ ዙር ከሆላንዱ ሃርለም ጋር ነበር፤ ኦክቶበር 20፣ ሞስኮ፣ ዛሬ ሉዥኒኪ በሚባለው ትልቁ ስታዲየም። ከጨዋታው መጨረሻ ላይ ደጋፊው በአንድ ደረጃ ላይ ተጨናንቆ ሲረጋገጥ፣ በመንግሥት ቁጥር 66 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ዝርዝሩ በጋዜጣ የወጣው ከ7 ዓመት በኋላ ነው። «እኛ ተማሪዎቹ በሹክሹክታ ነበር የሰማነው» አሉ ጋሼ። «ከክፍላችን አንድ ሩሲያዊ ልጅ ወንድሙን ሊፈልግ ሄደ። ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀውም።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ እህቴ ቡናውን ቀዳችና፣ «እሺ፣ ሂድ» አለችው። ለምን በዚያች ሰዓት እንደፈቀደች አላውቅም። ምናልባት ያቺ የሩሲያ እናት ከሷ የተለየች እንዳልሆነች ታይቷት ይሆናል። እኔ ግን መሄዱን ከመጀመሪያውም ደግፌያለሁ። ጥቁር ልጅ ሁሉ ቤቱ ከቀረ ስታዲየሙ ለዝንጀሮ ጯሂዎቹ ይቀራል። ብቻውን መሄድ ግን የለበትም፤ ከክለቡ ደጋፊዎች ጋር በቡድን ይሄዳል፣ ማልያውን ከጃኬት ሥር ይለብሳል፣ ማታ ከተማ ውስጥ አይዞርም። ጋሼም የሆቴሉንና የስታዲየሙን አድራሻ በሩሲያ ፊደል በወረቀት ጽፈው ሰጥተውታል። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም ብለው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሞስኮ፣ አዲስ አበባ፣ ሪያድና ቴል አቪቭ በዚህ ወቅት ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ጨዋታው ነገ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ5 ይጀምራል። በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት ለምታነቡ 6 ደምሩበት፣ ከምሽቱ 10 ሰዓት ከ5 ይሆናል። ዱባይ ያላችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ5። ፍራንክፈርትና ሮም ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ5። ለንደን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ5። ዋሽንግተን ያላችሁ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ከ5 ስለሆነ ከሥራ መጥፋት ሊኖርባችሁ ነው፤ እኔ አላልኩም።

እኔና እህቴ ካሌዶኒያን መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ እናየዋለን። ከጨዋታው በኋላ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የአገሬው ሰው ተበትኖ እስኪያልቅ ድረስ ስታዲየም ውስጥ እንዲቆዩ ስለሚደረግ፣ ልጁ ወዲያው ባይደውል እንዳትደነግጥ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላኛለች። ስልኳን ግን ከእጇ እንደማታወርድ አውቃለሁ።