ተያዥ የሌለው የኮምፒዩተር ዘበኛ

የደብረ ማርቆስ ሰው ዘበኛ ሲቀጥር ተያዥ ይጠይቃል። «የማን ልጅ ነህ? ቀድሞ የት ሠራህ? ማን ያውቅሃል?» ይላል። ደግ አደረገ! ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለቤት ኮምፒዩተሩ ዘበኛ ሲቀጥር ግን ተያዥ ቀርቶ ስም እንኳ አይጠይቅም። «ነፃ ነው» ከተባለ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያስገባል።

ለመሆኑ ጠላቱ ማን ነው? ስፓይዌር የሚሉት ሰላይ ፕሮግራም ነው። ተደብቆ ይገባል፤ የምንጽፈውን ፊደል በፊደል ይመዘግባል፤ የይለፍ ቃል ይሰርቃል፤ ሲብስም ካሜራና ማይክራፎን ይከፍታል። «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ጉዱን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ የሚገባ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ማግኘቱን ገለጸ። በ2015 ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ራሱ ተዘርፎ ምስጢሩ አደባባይ ሲወጣ፣ ከደንበኞቹ አንዱ የእኛው ኢንሳ ሆኖ ተገኘ። በ2017 ደግሞ በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የተላከ የሳይበርቢት ኩባንያ ሰላይ ተጋለጠ። ልብ በሉ! ሰላዩ የመጣው «ነፃ ነው፤ ጫኑኝ» እያለ ነው።

ታዲያ ነፃውን ሁሉ እንተው? እኔ እንደሱ አልልም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የተባለ ዘበኛ ይዘው ይመጣሉ፤ ክፍያ የለውም። ምን ያደርጋል! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነክሩበታልና ሰዉ እሱን አጥፍቶ በፍላሽ የተገለበጠ «ክራክ» አንቲቫይረስ ያስጭናል። ቁልፉን ማን እንደሰበረው የማይታወቅ ዘበኛ ምኑ ዘበኛ ነው!? ተጨማሪ ምርመራ የፈለገ የማልዌርባይትስን ነፃ ቅጂ ከኩባንያው ከራሱ ድረ ገጽ ያውርድ። ነፃው ቅጂ ሲጠሩት ይፈትሻል እንጂ ቀን ከሌት አይጠብቅም። ድንገት ብቅ ብሎ «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተሞልቷል፤ ይክፈሉ» የሚለውን ግን አትመኑት።

ዘበኛውም ቢሆን የአዳዲስ ሌቦችን መልክ ካልነገሩት እንደ ዕውር ነው። የእኛ አገር ችግር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። መስመር ሲዘጋ ዘበኛው ይታወራል፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። መላው ምንድን ነው? ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማሻሻያ ለብቻው በፋይል ያወጣልና መስመር ያለው ዘመድ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ይላክ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ መንግሥታት በብዙ ገንዘብ የሚገዙትን ሰላይ ነፃ ፕሮግራም ሁልጊዜ አይዘውም። አምነስቲና ሌሎች ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ዲቴክት የተባለ ነፃ መፈተሻ አውጥተው ነበር፤ ሰላዮቹ መልካቸውን ሲቀይሩ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ኪዳኔ በሚል ሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት የከሰሰው የሜሪላንድ ነዋሪም፣ በፊንስፓይ የስካይፕ ንግግሬ ተቀዳ ብሎ አቤት ቢል፣ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 «የውጭ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ እዚህ መክሰስ አትችልም» ብሎ መለሰው።

እዚያ ካልተቻለ የሚዳኘው እዚሁ አገር ቤት መሆን አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እሰየው! ነገር ግን በሕዝብ ገንዘብ ምን ዓይነት የስለላ መሣሪያ እንደተገዛ፣ በየትኛው ዳኛ ፈቃድ በማን ላይ እንደሚውል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ይነገር። ዜጋው ለገዛ ኮምፒዩተሩ ተያዥ ያለው ዘበኛ ሲፈልግ፣ መንግሥትስ ለሰላዩ ተያዥ አይጥራም?