«መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት ስድብ አይደለም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት አይደለም፤ ስለ አንዲት አጭር ጥያቄ ነው። «መታወቂያህን ማየት እችላለሁ?» የምትለዋን። ባንክ ስንሄድ እንጠየቃታለን። ሲም ካርድ ስናወጣ፣ ሆቴል አልጋ ስንይዝ፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስንፈተሽ እንጠየቃታለን። ማንም «ተናቅሁ» ብሎ አይቆጣም። ቢራ ወይም አረቄ ስትገዙ ግን ዕድሜያችሁን የጠየቃችሁ ሰው አለ? ብዙዎቻችሁ «ኧረ በጭራሽ» እንደምትሉ እገምታለሁ።

ሕጉ ግን አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ሰው ከዚህ አዋጅ የሚያስታውሰው የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ መጥፋቱን ነው። ጣቢያዎቹ ይቆጠራሉ፤ ማስታወቂያውን ማስቆም ቀላል ነበር። የዕድሜው ክልከላ ግን የሚፈጸመው በየሰፈሩ ሱቅ መስኮት፣ በየግሮሰሪው ባንኮኒ፣ በየአረቄ ቤቱ ደጃፍ ነው። እዚያ ደግሞ ሻጩ ካልጠየቀ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እኔ እንደ ሐኪም ያለኝ አቋም ይህ ነው፦ አልኮል የሚሸጥ ሰው ወጣት የሚመስለውን ገዢ ሁሉ፣ ሳይመርጥና ሳያፍር፣ መታወቂያ ይጠይቅ። ወላጆች ደግሞ ይህ ጥያቄ እንዲለመድ ቀዳሚ ተባባሪዎች ይሁኑ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ለምን 21?

«18 ዓመት ከሞላው መምረጥ ይችላል፣ ማግባት ይችላል፣ ታዲያ ቢራ ምን አለው?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው አንጎላችን ውስጥ ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነገን አስቦ መወሰንን፣ ስሜትን መግታትን፣ «ይቅርብኝ» ማለትን የሚመራ ነው። ይህ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ገና እየተሠራ ያለ ቤት ላይ ጎርፍ ቢለቀቅበት አስቡት፤ በአፍላ ዕድሜ አልኮል መልመድም ከዚህ አይለይም። በ15 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት መጠጣት የጀመሩ ሰዎች፣ ቆይተው ከጀመሩት ይልቅ ለአልኮል ሱስ የመጋለጥ ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ በሁለት በሦስት ዓመት ቢያዘገይ ትልቅ ትርፍ ነው። ሻጩ ባይሸጥለት የሚገኘው ትርፍ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዚያው ሌሊት አደጋ ነው። ወጣት መጠኑን አያውቅም፤ ሰውነቱም አልለመደውም። ቢራ በአብዛኛው ከመቶ አምስት ገደማ አልኮል ነው የያዘው። አረቄ ግን ግማሽ በግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ቢራ እንደሚጠጣ አድርጎ አረቄ የሚጨልጥ ልጅ፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳያውቅ ራሱን ይስታል። ጫት ቅመው «ለጨብሲ» የሚጠጡት ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው፤ ምርቃናው ስካሩን ስለሚሸፍንባቸው «ገና አልሰከርኩም» እያሉ ይደግማሉ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ልጁ 16 ወይም 17 ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ በባጃጅ ያመጡታል፤ ልብሱ ትውከት በትውከት ሆኗል፤ ቢጠሩት አይመልስም። ስኳሩን ስንለካ ወርዶ እናገኘዋለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናት ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ እየሮጠች ትመጣለች። «ይተርፋል?» ትላለች። እንደሚተርፍ ስንነግራት ቀጥላ የምትጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማነው የሸጠለት?» ጓደኞቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሻጩም ቢጠየቅ የሚያስታውሰው አይመስለኝም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ጠርሙሱን ሰጠ፣ ፊቱን እንኳ ቀና ብሎ አላየውም።

«አይቼ አውቃለሁ» አይሠራም

ብዙ ሻጮች «ልጅ መሆኑን በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ» ይላሉ። ከሙያዬ አንጻር ልንገራችሁ፤ ማንም አያውቅም። በጉርምስና ዘመን አንዱ በ14 ዓመቱ ድምፁ ጎርንኖ ጢም ያወጣል፤ ሌላው 20 ዓመት ሞልቶት ገና ሕፃን ይመስላል። እኛ ሐኪሞች የእጅ አንጓ ራጅ አንስተን የአጥንት ዕድሜ ስንገምት እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ልንስት እንችላለን። እኔን ራሴን፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆኜ፣ ነጭ ጋወን ለብሼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ «ልጄ፣ ዶክተሯ ስንት ሰዓት ትገባለች?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። የሱቅ መስኮት ላይ፣ በማታ፣ በደብዛዛ መብራት ዕድሜ መገመትማ ጨርሶ አይሆንም።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ያገኙት መላ ቀላል ነው። በእንግሊዝ መግዣ ዕድሜው 18 ነው፤ ብዙ ሱቆች ግን 25 ዓመት ያልሞላው የሚመስለውን ሁሉ ይጠይቃሉ። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ፣ ሽበት ያለውም ሰው መታወቂያ አሳይቶ ቢራ የሚገዛበት ሱቅ እንዳለ ይነግሯችኋል። መጠጥ በሚሸጡ ሱቆች የሚሠሩ ወገኖቻችንም እዚያ ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ ይጠይቃሉ። ዋናው ነገር ሁሉም መጠየቁ ነው። ሁሉም ሲጠየቅ ማንም አልተጠረጠረም፣ ማንም አልተሰደበም።

የእኛ አገር ሻጭም እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሁሉንም ነው የምንጠይቀው፤ መታወቂያህን አሳየኝ።» ወረቀት ላይ ጽፎ መስኮቱ ላይ ቢለጥፈው ደግሞ አፍ መፍታት እንኳ አያስፈልገውም።

መታወቂያው ሲታይ

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

1. መታወቂያ መያዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቀበሌ መታወቂያ በ18 ዓመት ይወጣል፤ ፋይዳ ደግሞ ከዚያ በታች ያሉ ልጆችም እጅ ይገባል። ስለዚህ ካርዱን ሳይሆን የትውልድ ቀኑን ነው ማየት የሚገባው።

2. የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ። በእኛ አቆጣጠር በ2000 የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ገና 18 ዓመት ቢሞላው ነው። ሻጩ «2000» የሚለውን አይቶ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2026 ላይ ቢቀንሰው ግን 26 ዓመት ይሆንለታል! ስምንት ዓመት በስህተት ተጨመረለት ማለት ነው። የእኛን ከእኛ፣ የፈረንጁን ከፈረንጁ ቀንሱ። በ2018 ዓ.ም. ለሚሸጥ ሰው ስሌቱ አጭር ነው፦ በእኛ አቆጣጠር ከ1997 በኋላ የተወለደ አይሸጥለትም፤ በ1997 የተወለደ ከሆነ ወሩና ቀኑ ይታያል።

3. አይቶ መመለስ ነው። መታወቂያ መያዣ አድርጎ ማስቀረት፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የሴት ልጅ አድራሻ ማንበብና አስተያየት መስጠት ነውር ነው። የሚፈለገው አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው።

«ለአባዬ ነው»

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወላጆች ልምጣ፤ ከሻጩ ይልቅ የምመክረው እናንተን ነውና።

እንግዳ ቤት መጣ እንበል። «ሂድ፣ ከሱቅ አራት ቢራ ይዘህ ና» እንላለን። የ12 ዓመት ልጅ ባዶ ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። «ጋሼ፣ ለአባዬ ነው» ይላል፤ ጋሼም ይሰጠዋል። ልጁ ታዛዥ ነው፣ ሻጩም ጨዋ ነው፣ አባትም ምንም ክፉ አላሰበም። ግን በዚያች ደቂቃ ሻጩ ልጅ ቢራ ሲገዛ ማየትን ለመደ፤ ልጁም እንዴት እንደሚገዛ ተማረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ልጅ፣ በያው ፌስታል፣ «ለአባዬ ነው» እያለ ለራሱና ለጓደኞቹ ይገዛል። ሻጩ በምን ይለየው?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእኛ ነው። ልጅ መጠጥ እንዲገዛ አንላክ፤ ራሳችን እንሂድ። የሰፈሩን ባለ ሱቅ ደግሞ በግልጽ እንንገረው፦ «ልጄን ለመጠጥ አልክም። መጥቶ ለአባቴ ነው ቢልህ እንዳትሰጠው፤ ደውልልኝ።» ከዚህ በኋላ ልጃችሁን ከልክሎ ሲመልሰው «እኔን አላመነኝም» ብላችሁ አትቀየሙት። አመስግኑት።

የምሰማቸው መከራከሪያዎች

«ከሱቅ ቢከለከል ጓደኛው ይገዛለታል፣ አለዚያም ጠላ ቤት ይሄዳል።» እውነት ነው፤ አንዳንዱ መንገድ አያጣም። ግን ቁልፍ ሰብሮ የሚገባ ሌባ አለ ብለን በራችንን ከፍተን አንተኛም። ብዙ ልጆች የሚጠጡት ቆርጠው ተነሥተው ሳይሆን በቀላሉ ስለተገኘ ነው። አንድ ሁለት ቦታ «አይሆንም» ከተባለ፣ የዚያች ምሽት ሐሳብ እዚያው ይቀራል።

«እኛ በበዓል ጠላ እየጠጣን አድገን ምን ሆንን?» ምንም ያልሆነው ተቀምጦ ይጠይቃል፤ የሆነው የለም ወይም ዝም ብሏል። በዚያ ላይ ለልጅ በብርጭቆ የሚሰጥ ቅራሪም አልኮል አያጣም። በዓሉ እንዲደምቅ ልጁ የግድ መቅመስ የለበትም።

«ደንበኛዬን አጣለሁ» ለሚል ባለ ሱቅ የምለው አለኝ። ብቻህን ስትጠይቅ ልታጣ ትችላለህ፤ የሰፈሩ ሱቆች አብራችሁ ስትጠይቁ ግን ደንበኛው የትም አይሄድም። ተነጋገሩ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ከሚጠብቅ ሱቅ ስኳርና ዘይታቸውን መግዛት ይመርጣሉ፤ ከአንድ ልጅ ከሚገኝ የሁለት ጠርሙስ ትርፍ ይህ ይበልጣል።

ጠጥቶ ከተገኘስ?

ጥንቃቄው ሁሉ አልፎ ልጃችሁ ሰክሮ ከመጣ፣ ንግግሩንና ቁጣውን ለነገ አቆዩት። የዚያች ሌሊት ሥራ ሕይወቱን መጠበቅ ነው።

• በጀርባው አታስተኙት፤ በጎኑ አስተኙት። ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ይረዳል።
• ብቻውን አትተዉት። «ተኝቶ ይለቀዋል» ብሎ በር መዝጋት አደገኛ ነው፤ ከተኛም በኋላ ከሆዱ ወደ ደም የሚገባው አልኮል ሊጨምር ይችላል።
• በግድ አታስታውኩት፤ ቡና አታጠጡት፤ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት። ስካር አያበርዱም፤ ሊጎዱት ግን ይችላሉ።
• ቢጠሩት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።
• በቤት የተጣራ አረቄ ጠጥቶ በማግስቱ ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም ራስ ምታቱና ትውከቱ ከባሰበት፣ ሐንጎቨር ነው ብላችሁ አትቀመጡ። የሜታኖል መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ ዓይንም ሕይወትም ያሳጣል።

ሐኪም ጋ ስትመጡ ምን እንደጠጣና ስንት ሰዓት እንደጠጣ እውነቱን ንገሩን። እኛ የምናክመው ልጁን ነው፤ አንወቅስም።

ከዚህ ሁሉ ግን ያ ልጅ መጀመሪያውኑ ባይጠጣ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ አዲስ ሆስፒታል መሥራት ወይም ውድ መድኃኒት ማስመጣት አያስፈልግም። አንድ ሻጭ ቀና ብሎ ፊት ማየቱና አንድ ጥያቄ መጠየቁ ብዙውን ያስቀራል። በዚህ ሳምንት ቢራ ስትገዙ ከፈለጋችሁ እናንተው ጀምሩት፤ ሳትጠየቁ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ «ለምን አትጠይቁም?» በሉ። ይህን ጽሑፍም ለሰፈራችሁ ባለ ሱቅና ባለ ግሮሰሪ አጋሩልኝ። በእናንተ ሰፈር መታወቂያ የሚጠይቅ ሻጭ ካለ ደግሞ ጻፉልኝ፤ እናመሰግነዋለን።

ጤና ለሁላችን!