«አደጋ» እና «ስጋት»፦ ቃል ሲጠፋ ተጠያቂም ይጠፋል

እንግሊዝኛ «ሐዛርድ» እና «ሪስክ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። በተራ ወግ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ያቀላቅሏቸዋል፤ በሙያው ቋንቋ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ሐዛርድ ጉዳት ማድረስ የሚችል ነገር ነው፦ ገደል፣ መርዝ፣ የተከመረ ቆሻሻ። ሪስክ ደግሞ ያ ነገር ሰው ላይ የመድረስ ዕድሉና ቢደርስ የሚያስከትለው የጉዳት መጠን በአንድነት ተመዝነው የሚገኝ ነው። ሰው የማይደርስበት ገደል ሐዛርድ ነው፤ ከሥሩ መንደር ሲቆረቆር ሪስክ ይወለዳል። ገደሉን ተፈጥሮ ይሠራዋል፤ መንደሩን ከሥሩ የሚያኖረው ግን የሰው ውሳኔ ወይም ቸልታ ነው።

እኛስ? ገደሉንም፣ የመኪናውን መገልበጥም፣ እልቂቱንም «አደጋ» እንላለን። ሪስክን ደግሞ «ስጋት» ብለን ተረጎምነው፤ አገራዊው ኮሚሽን እንኳ የሚጠራው በ«አደጋ ስጋት ሥራ አመራር» ነው። ስጋት ግን የልብ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ይሰጋል፣ ሌላው አይሰጋም። ሪስክ ይሰላል፤ ስጋት «አይዞህ» ተብሎ ይታለፋል። «ስጋት አይግባችሁ» የሚል ሹም የሕዝቡን ልብ ያረጋጋ እንደሆነ እንጂ የክምሩን ቁመት በአንድ ስንዝር አይቀንስም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ እኛም «ድንገተኛ አደጋ» ብለን አለቀስን። ለመሆኑ ምኑ ነው ድንገተኛ? ክምሩ ለ50 ዓመታት ያህል ሲያድግ ያላየ አልነበረም፤ ከሥሩ ጎጆ የቀለሱትም በአንድ ሌሊት አልመጡም። በሰንዳፋ የተከፈተው አዲስ ማስወገጃ በገበሬዎች ተቃውሞ ሲዘጋ፣ በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ክብደት ሲጨመር ሐዛርዱ አደገ፤ ነዋሪው እዚያው ሲተው ሪስኩ ከፋ። ሁለቱም የሰው ውሳኔዎች ነበሩ።

«የእንግሊዝኛ ባለቤቶችስ አላለቁምን?» ትሉኝ ይሆናል። አልቀዋል። በ1966 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ አበርፋን፣ የድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ክምር ተንዶ 144 ሰዎች ሞተዋል፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ቃሉ አላዳናቸውም። ነገር ግን አጣሪው ኮሚሽን በማግስቱ ዓመት ጥፋተኛው ብሔራዊው የድንጋይ ከሰል ቦርድ መሆኑን በስም ጠርቶ ጻፈ። ዕድል ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ አላለፈውም።

እኔ የምጠይቀው አዲስ ቃል እንዲፈበረክልን አይደለም። «አደጋ ደረሰ» በተባለ ቁጥር ሁለት ጥያቄ እናንሣ፦ አደገኛው ነገር ምን ነበር? ሰውን ከሥሩ ያኖረውስ ማን ነው? «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል ለመብረቅ እንተውለት፤ የቆሻሻ ተራራ ከሰማይ አይወርድም።

ቸር ይግጠመን።