የጡረታ የመጀመሪያው ዓመት በከንቱ እንዳያልፍ

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። አባቶችና እናቶች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ብለው ሲመርቁን ሁላችንም አሚን እንላለን፤ ስናረጅ የሚደግፈን እንዳናጣ ነው ልመናችን። ምርቃቱ መልካም ነው። ነገር ግን 60 ዓመት ሞልቶት ከመሥሪያ ቤቱ የተሰናበተ ሰው ሁሉ በማግስቱ ተጧሪ ሆነ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ገና ጉልበት አላቸው፣ ሙያ አላቸው፣ ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅም አላቸው። እኛ እንደምናየው፣ የቀረው ዕድሜ የማገልገል ይሁን ቁጭ ብሎ የመጦር ብቻ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ይህን ጉዳይ በረመዳን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ወር ከዙሁር እስከ አሱር በየመስጂዱ ከሚቀመጡት መካከል በቅርቡ ጡረታ የወጡ ብዙ ናቸው። ረመዳን ለእነርሱ ሰዓት ያበጅላቸዋል። ለሱሑር መነሳት አለ፣ ቁርኣን መቅራት አለ፣ ለኢፍጣር መድረስ አለ፣ ማታ ተራዊሕ አለ። ጭንቁ የሚመጣው ዒድ አልፎ የሸዋል ወር ሲጋመስ ነው። ያን ጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልብሱን ለብሶ የሚሄድበት ያጣ ሰው፣ የቀረበት ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ቀኑን የሚከፋፍልለት ሥራው ነበር። «ያ ጉዳይ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የነበረውም እዚያው ነበር።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው ከሚከስርባቸው ጸጋዎች ሁለቱ ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን አስተምረውናል። በሥራ ዘመን ጊዜ ጠፋ እያልን እናማርር ነበር፤ ጡረታ ሲመጣ ጊዜው ሞልቶ ይፈሳል፣ በረከቱ ግን ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። በረመዳን የተገኘው ሥርዓት ከወሩ ጋር አይሂድ። አምስቱ ሶላቶች ቀኑን ይከፍሉታል፤ በመካከላቸው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ አራት አምስት ቀን ከቤት የሚያስወጣ አንድ ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ይኑር። የእግር ጉዞ ሊሆን ይችላል፣ የቂርኣት ክፍል ሊሆን ይችላል። «ጊዜ ሳገኝ» እየተባለ ሲተላለፍ የኖረው የሐኪም ምርመራም አሁን ይደረግ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በአገራችን የጡረታ ሕግ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አበል ያገኛል። ለሲቪል ሠራተኛ ስሌቱ የሚነሳው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ከ70 በመቶ ግን አያልፍም። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከነበረ አበሉ 5,500 ብር ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል የመሳሰለው በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ይህን ቁጥር ከቤተሰብ መደበቅ አይጠቅምም። አባት በኩራት ዝም ሲል ቤቱ በድሮው ወጪ ይቀጥላል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ብድር ይጀመራል። ሚስትና ልጆች ባሉበት ቁጭ ብሎ አዲሱን ወጪ በግልጽ መነጋገር ይሻላል። በዚህ ወርም ቢሆን አምና ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ያስፈጠረ ሰው ዘንድሮ ተምርና ውኃ ቢያቀርብ የሚያፍርበት ነገር የለም። ለጾመኛ አንድ ተምር ማቅረብም ማስፈጠር ነው።

ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ገንዘብ፣ የዕረፍት ክፍያም ይሁን ቁጠባ፣ ብዙ አማካሪ ያመጣል። አንዱ ባጃጅ እንግዛ ይላል፣ ሌላው ሱቅ እንክፈት ይላል፣ ሌላው ደግሞ ዋስ ሁነኝ ብሎ ይመጣል። ንግድ ሐላል ነው፣ የተባረከም ነው፤ ሆኖም ነግዶ የማያውቅ ሰው ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ባያወጣ፣ ፊርማውንም ለዋስትና ባይሰጥ ይመከራል። ሐጅን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ሐጅ ግዴታ የሆነው አቅሙ ላለው ነው፤ አቅም ማለት ደግሞ የጉዞው ወጪ ብቻ ሳይሆን ሐጁ እስኪመለስ ቤተሰቡ የሚኖርበትን ጭምር ይጨምራል። ተበድሮ ወይም ቤት ሸጦ ልጆችን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ አልተጠየቀም።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። በዚህ ጉዳይ እኛ ኢማሞች ብዙ እንባ እናያለን። ጡረተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ የማግኘት መብት አለው፤ ይህ ግን በማስረጃ ነው። 30 ዓመት አብረው የኖሩ፣ ልጆች የወለዱ፣ ኒካሓቸውን መንደሩ ሁሉ የሚያውቅላቸው ባልና ሚስት በእጃቸው አንድ ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። ባልየው ሲሞት እናታችን ምስክር ፍለጋ ትንከራተታለች፤ ከምስክሮቹም ግማሾቹ ሞተዋል። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው፤ ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይኖርበታል። ስለዚህ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ፣ ከተቻለም ሠራተኛው ገና ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ፣ ጋብቻው ይመዝገብ። የልጆች ስምና የልደት ዘመን በፋይሉ ላይ በትክክል መስፈሩም ይታይ። ይህን ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም፤ አማናን መወጣት ነው።

አራተኛው የቤት ውስጥ ኑሮ ነው። ባል በሥራ በነበረበት ዘመን ቤቱን በሥርዓት ያቆመችው ሚስት ናት። አሁን ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል የሽንኩርቱን መጠን፣ የእንግዳውን መምጫ፣ የልጆቹን መውጫ ልቆጣጠር ቢል ሰላም አይኖርም። ቤት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሥራ ለማገዝ እንጂ አለቃ ለመሆን አይገባበትም። በሌላ በኩል ሴት ጡረታ ስትወጣ ከቢሮ እንጂ ከወጥ ቤት አትወጣም። ልጆች የልጅ ልጅ አምጥተው ሲያስረክቧት ደስ ይላታል፤ ግን ለእርሷም ለዒባዳዋና ለዕረፍቷ የሚሆን ሰዓት እንደሚያስፈልጋት ማንም አይጠይቃትም። ሊጠየቅ ይገባል።

አምስተኛው አገልግሎት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው የዕድሩን መዝገብ ያስተካክል። አስተማሪ የነበረች ለሰፈሩ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ ታስጠና። ነርስ የነበረ ሰው ከጁምዓ ሶላት በኋላ የአረጋውያንን የደም ግፊት ይለካ። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ኮሚቴ በላይ አይያዝ፤ ሦስት ቦታ የተመረጠ ሰው ሦስቱንም ቦታ ያጎድላል። ቁርኣን ማንበብ ሳይማሩ የቆዩም ከአሊፍ ለመጀመር አይፈሩ። ከሶሓቦች ብዙዎቹ ቁርኣንን የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ነው። ከሕፃናት ጎን ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥር ሽማግሌ ለእነዚያ ሕፃናት ራሱ ትምህርት ነው።

ለልጆችም አንድ ቃል አለን። አባታችሁ ጡረታ ስለ ወጣ የቤቱ ተላላኪ አይደለም፤ እናታችሁም እንዲሁ። «ምንም ሥራ የለህም» የሚለው ንግግር ወላጅን ይሰብራል። ይልቁንስ እንደ በፊቱ አማክሯቸው፣ በሚያውቁት ሙያ ጠይቋቸው። የመጦር መጀመሪያው ገንዘብ መስጠት ሳይሆን ወላጅን እንደሚፈለግ ሰው መያዝ ነው።

ከዚህ ረመዳን የቀሩት ቀናት ለዚህ ዝግጅት ይበቃሉ። ጡረታ የወጣ ሁሉ ከአንዱ ኢፍጣር በኋላ ቤተሰቡን ሰብስቦ ስለ ሦስት ነገር ይነጋገር፤ ከሸዋል ጀምሮ ቀኑ እንዴት እንደሚውል፣ ወጪው ስንት እንደሚሆን፣ ወረቀቱ የት እንዳለ። አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንን ይቀበለን፤ የቀረውን ዕድሜያችንን ከፊተኛው የተሻለ ያድርግልን። አሚን።