ቢጫ ካርድ የያዘው አባታችን ፈረንጅ አይደለም

ወገን! ዕድሜውን አሜሪካ ሲለፋ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ ሀገሩ የገባውን አባት እንዴት ነው የምንቀበለው? አከራዩ ዋጋ ይቆልልበታል፣ ደላላው ይከበዋል፣ እኛም «ዶላሩ መጣ» እንላለን። ሕጉ እንኳን ከእኛ ይሻላል!

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርዱን ካወጣ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም በስሙ ያፈራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ዜግነቱን መመለስ ከፈለገ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኑሮውን እዚህ አድርጎ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ ማመልከት አለበት። ልጆቹ እዚያ ለቀሩበት ሰው ይሄ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ የሀገር ፍቅሩን በፓስፖርቱ አንለካው።

ሀገር ወዳድነት በፖስት ብቻ አይሆንም። ሰፈራችሁ እንዲህ ያለ አባት ካለ በሩን አንኳኩ። ወረፋ ያዙለት፣ ከደላላ ጠብቁት፣ የሚያውቀውን ሙያ ጠይቁት። ብር ሲልክ «የኛ» ያልነውን ሰው፣ ሲመጣ «ፈረንጅ» አንበለው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!