ጀጎል መጋረጃ ነውን?

ገና ስም ላላወጣ ድምፃዊ ክሊፕ እንሥራ የሚሉ ተማሪዎች በየጊዜው ዕቅዳቸውን ያሳዩኛል። ሁሉም አንድ ነው፤ መኪና መከራየት፣ ተወዛዋዥ ማሰለፍ፣ የጀጎልን ግንብ ከኋላ ማድረግ። ለመሆኑ ጀጎል መጋረጃ ነውን? በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰው እየኖረበት ነው።

መኪና ግድ ከሆነ በሐረር ሌላ መኪና አለ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚያስገባው “መኪና ግርግር” ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ምት ፈላጊ እዚያ ይቁም። ልብስ ሰፊውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ፊቱን ከቀረጸም ስሙን በክሊፑ መጨረሻ ይጻፍ። ለኪራይ የታሰበው ገንዘብም ለድምፅ ቀረጻው ይዋል።

ድኻ ድምፃዊ ባለጠጋውን ልቅዳ ቢል ኪሱም ዘፈኑም ይራቆታል። ባለጠጋው በመኪና የማይገባበትን ጠባብ መንገድ በእግሩ ቢሄድ ግን የራሱን ዜማ ይዞ ይመለሳል።